አክስቴ ከማድሪድ ያመጣችልኝ ጊታር ዝዝ ይላል፤ ልሽጠው ወይስ ላስጠግነው?

የአንባቢያችን ደብዳቤ

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ዕድሜዬ 26 ነው። አዳማ ውስጥ ባንክ ቤት ካሸር ነኝ። ቅዳሜና እሁድ ከልጆች ጋር ሠርግ ላይ ጊታር እጫወታለሁ። እስካሁን በተውሶ ጊታር ነበር የምጫወተው። ማድሪድ የምትኖር አክስቴን «ጥሩ ጊታር ግዢልኝ፣ ገንዘቡን ቀስ እያልኩ እከፍልሻለሁ» ብዬ ለመንኳት። ለፋሲካ ስትመጣ ይዛልኝ መጣች። ዋጋው 500 ዩሮ ነው። በእጅ የተሠራ የፍላሜንኮ (የስፔን ባህላዊ ሙዚቃ) ጊታር ነው ብላኛለች።

መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ቆይቶ ግን ግራ ገባኝ። ክብደት የለውም። ጠንከር አድርጌ ስመታው ዝዝ ይላል። ድምፁ ቶሎ ይሞታል። ፊቱ ላይ ላስቲክ ተለጥፎበታል። የገመድ መሰኪያ የለውም። የባንዱ ልጆች «ካርቶን» የሚል ስም አውጥተውለታል። አንድ ጓደኛዬ የሙዚቃ ዕቃ ከሚጠግን ሰው ጋር አገናኘኝ። ሰውየው ላስቲኩን አንስቶ፣ ክሩን ከፍ አድርጎ፣ የብረት ክር አስሮ፣ ጎኑን በስቶ ፒካፕ (ድምፁን ወደ ስፒከር የሚያስተላልፍ ዕቃ) ሊገጥምልኝ ለቅዳሜ ቀጥሮኛል። ሌላው ጓደኛዬ ደግሞ በሚሰካ ጊታር እንቀያየር ይለኛል። እናቴ «በዚህ ብር ፍሪጅ አይገዛም ነበር?» ትላለች። አክስቴ በደወለች ቁጥር «ምርጥ ነው» እላታለሁ። እውነት በ500 ዩሮ በእጅ የተሠራ ጊታር ይገኛል? ወይስ ተታልላ ነው? ምን ይሻለኛል?

ግራ የገባው፣ ከአዳማ

መልስ

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ስልክህን አንሳና የቅዳሜውን ቀጠሮ ሰርዝ። ሌላውን ከዚያ በኋላ ታነባለህ።

ሰውየው ተንኮል አስቦ አይመስለኝም። እጁ የለመደው የብረት ክር ጊታር ስለሆነ ያንተንም እንደዚያ ሊያደርገው ፈልጎ ነው። ነገር ግን ሊሠራቸው ካሰባቸው አራት ነገሮች ሦስቱ ጊታሩን ያበላሹታል። የብረቱ ክር ደግሞ ጭራሽ ይሰብረዋል።

ለምን መሰለህ? ስድስቱ የናይለን ክሮች ሲወጠሩ በድምሩ ወደ 40 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ይስባሉ። የብረት ክር ሲሆን ይህ ወደ 70 ኪሎ ይደርሳል። ያንተ ጊታር ፊት 2 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ስስ እንጨት ነው። ከውስጥ የሚደግፉት ዘንጎችም ቀጫጭን ናቸው። የብረት ክር ጊታር አንገቱ ውስጥ ማስተካከያ ብረት አለው፤ በፍላሜንኮ ጊታር ላይ ይህ አብዛኛውን ጊዜ የለም። ስለዚህ የብረት ክር ካሰርክበት ፊቱ ያብጣል፣ አንገቱ ይጎብጣል፣ ክሩ የታሰረበት ብሪጅም ተገንጥሎ ይነሳል። በአንድ ሌሊት ላይሆን ይችላል። መሆኑ ግን አይቀርም።

አሁን ወደ ትልቁ ጥያቄህ። አክስትህ አልተታለለችም። እንዲያውም ጎበዝ ገዢ ሳትሆን አትቀርም።

«በእጅ የተሠራ» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው አንድ ባለሙያ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብቻውን የሠራውን ነው። እንዲህ ያለውም አለ። ግራናዳና ማድሪድ ውስጥ በስማቸው የሚታወቁ ሠሪዎች አሉ። የእነሱ ጊታር ዋጋው በሺህ ዩሮዎች ነው፤ ተራም ያስጠብቃል። በ500 ዩሮ የሚገኘው ከዚያ ለየት ይላል። በአንድ ወርክሾፕ ውስጥ ጥቂት ሠራተኞች ተከፋፍለው የሚሠሩት ነው። እንጨቱን ማሽን ይቆርጠዋል። አንዱ አንገት ይቀርጻል፣ ሌላው ጎኑን ያጎብጣል፣ ሌላው ያጣብቃል። በቀዳዳው ዙሪያ ያለው ጌጥ ተዘጋጅቶ የተገዛ ነው። ቫርኒሹም ቀናት ፈጅቶ በጨርቅ ከመታሸት ይልቅ ይረጫል። ቫሌንሲያ አካባቢ እንዲህ የሚሠሩ ብዙ ቤቶች አሉ። ሜክሲኮ ውስጥ ደግሞ ፓራቾ የምትባል ከተማ አለች፤ ነዋሪዎቿ የሚታወቁት በጊታር ሥራ ነው። በዚህ ውስጥ ማጭበርበር የለም። የተቆጠበው በጌጡና በጊዜው ላይ ነው።

ሌላም ነገር አለ። የፍላሜንኮ ጊታር ከጥንትም የባለጠጋ ዕቃ አልነበረም። የዛሬውን የስፔን ጊታር ቅርጽ ያስያዘው የአልሜሪያው ሠሪ አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1817 እስከ 1892 ኖሯል። በእሱ ዘመን ገንዘብ ያለው ሰው ከባሕር ማዶ በሚመጣ ሮዝውድ ያሠራ ነበር። በየካፌው ለዘፋኝና ለጨፋሪ የሚመታው ሰው ግን እዚያው አገሩ በሚበቅል ሳይፕረስ ያሠራል። ሳይፕረስን አታውቀውም ብለህ አታስብ። እኛ አገር በየግቢው አጥር የሚሆነው የፈረንጅ ጥድ የቅርብ ዘመዱ ነው። ሳይፕረስ ቀላል ነው፣ ድምፁም ቆረጥ ያለ ነው። ርካሽ ስለሆነ የተመረጠው እንጨት በኋላ የፍላሜንኮ ድምፅ መለያ ሆነ። የጊታርህ ጀርባና ጎን ገርጣ ያለ ቢጫ ከሆነ ሳይፕረስ ሊሆን ይችላል፤ አፍንጫህን ወደ ቀዳዳው አስጠግተህ አሽትተው፣ የጥድ ሽታ ካለው እሱ ነው። በዚህ ዋጋ ሌላ ነጣ ያለ እንጨት የሚያደርጉም አሉ። ጠቆር ያለ ቡናማ ከሆነ ደግሞ ሮዝውድ ወይም እሱን መሳይ ነው። ስፔኖች ነጣ ያለውን ብላንካ፣ ጠቆር ያለውን ኔግራ ይሉታል። ክብደት የለውም ያልከኝ እንግዲህ ምስጋና ሆኖ ይመዝገብለት።

ራስህ ልትፈትሸው ከፈለግህ ቀላል ነው። የስልክህን መብራት አብራና የድምፅ ቀዳዳውን ጠርዝ ተመልከት። ፊቱ ላይ የሚታዩት የእንጨት መስመሮች በጠርዙ ውፍረት ዘልቀው ከወረዱ ፊቱ አንድ ወጥ እንጨት ነው። ተደራራቢ ንብርብር ካየህ ኮምፔንሳቶ ነው። ጀርባው ኮምፔንሳቶ ቢሆን አትዘን፣ በዚህ ዋጋ የተለመደ ነው። ድምፁን በዋናነት የሚሰጠው ፊቱ ነው። ፊቱ ወጥ ከሆነ ገንዘቡ የገባው ትክክለኛው ቦታ ላይ ነው።

ከዚያ የተማሪ ማስመሪያ ውሰድ። 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም የተሰካው ቀጭን ብረት) ላይ፣ ከፍሬቱ አናት እስከ ወፍራሙ ክር ሥር ያለውን ክፍተት ለካ። 3 ሚሊ ሜትር ወይም ትንሽ ዝቅ ካለ ለፍላሜንኮ ልክ ነው። ክላሲክ ጊታር ላይ 4 አካባቢ ይሆናል። ብሪጁ አጠገብ ደግሞ ክሮቹ ከፊቱ እንጨት ያላቸውን ርቀት እይ። ፍላሜንኮ ላይ 8 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፣ ክላሲክ ላይ ከ10 ያልፋል። ይህ ሁሉ ዝቅ ማለት ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። የፍላሜንኮ ቀኝ እጅ ክሩንም እንጨቱንም ይመታል። ጣት ከክሩ ተነስቶ እንጨቱ ላይ እስኪያርፍ ሩቅ መንገድ ከሄደ ፍጥነቱ ይሞታል።

ላስቲኩም የተለጠፈው ለዚሁ ነው። ጎልፔአዶር ይሉታል። የቀለበት ጣትህ ጥፍር በየምቱ መሐል ፊቱን ኳ ሲያደርገው እንጨቱን የሚያድነው እሱ ነው። ካነሳኸው መጀመሪያ ቫርኒሹን ይዞ ይነሳል። ከዚያ ጥፍርህ ሥራውን ይቀጥላል። ብዙ የተመቱ አሮጌ ጊታሮችን ፎቶ ፈልገህ ተመልከት፣ ፊታቸው ምን ያህል እንደተፋቀ ታያለህ።

ዝዝታው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ያስጨነቀህ እሱ ነው።

ክሩ ዝቅ ሲል፣ ጠንክረህ ስትመታ ክሩ ፍሬቶቹን ነካ ነካ ያደርጋል። ዝዝ የሚለው ለዚህ ነው። የፍላሜንኮ ሰዎች ይህችን ትንሽ ዝዝታ ይወዷታል። ድምፁን ሻካራና ኮስታራ ታደርገዋለች። ለኛ ጆሮ ይህ እንግዳ ሊሆን አይገባም። በገና ሲደረደር ሰምተህ ታውቃለህ? ደርዳሪው ብርኩማው ላይ ከየክሩ ሥር ቁራጭ ቆዳ የሚያስገባው እንዲነዝርለት ብሎ ነው። ቆዳዋ ቦታዋን ከሳተች እስኪነዝር ድረስ ያስተካክላል። በገና ነዘረ ብሎ ይጠገንልኝ ያለ ሰው አላውቅም።

ግን ሁሉም ዝዝታ ደግ አይደለም። መለየት አለብህ። ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል ጊታሩን ያዝና እያንዳንዱን ክር በየፍሬቱ በለስላሳው ምታ። ለስልሰህ ስትመታው ንጹሕ ሆኖ፣ ስትጠነክርበት ብቻ ዝዝ ካለ፣ በሁሉም ቦታ ከሞላ ጎደል እኩል ከሆነ፣ ጤነኛ ነው። አንድ ፍሬት ላይ ብቻ ከሆነ ጎረቤቱ ፍሬት ከፍ ብሎበታል። ክሩን ሳትይዝ ባዶውን ስትመታው ብቻ ከሆነ ደግሞ ችግሩ አንገቱ ጫፍ፣ ክሩ የሚያርፍበት ጎድጓዳ ላይ ነው። ጀርባውን በጣትህ አንጓ ኳ ኳ ስታደርገው ከውስጥ የሚንቀጫቀጭ ነገር ከሰማህ አንዱ ዘንግ ኮላው ለቋል። እነዚህ ሦስቱ ባለሙያ ይፈልጋሉ። ግን ጥቃቅን ሥራዎች ናቸው፣ ለመሸጥም ለመቀየርም ምክንያት አይሆኑም።

ጤነኛ ሆኖም ዝዝታው ከበዛብህ መጀመሪያ እጅህን ቀይር። ሠርግ ላይ ከኪቦርድና ከድራም ጋር ስትታገል ክንድህን ይዘህ መምታት ለምደሃል። እዚህ የሚመታው ጣት ነው። ወደ ብሪጁ ጠጋ ብለህ ምታ፤ እዚያ ክሩ ጠንከር ይላል፣ ብዙም አይወዛወዝም። ሁለተኛ፣ ጠንከር ያለ ውጥረት ያለው የናይለን ክር እሰር፣ ዝዝታውን ይቀንሰዋል። ሁለቱም ካልበቃ ብሪጁ ላይ የተሰካችውን ነጭ አጥንት አውጥተህ ከሥሯ ቀጭን ጠንካራ ወረቀት አድርግ። እዚያ 1 ሚሊ ሜትር ብትጨምር 12ኛው ፍሬት ላይ የምታገኘው ግማሹን ነው። ሳትወደው ከቀረህ ወረቀቱን ታወጣዋለህ፤ ጊታሩ እንደነበረ ይመለሳል። ዕቃ ስትነካ ሁልጊዜ መመለስ የሚቻለውን አስቀድም።

ድምፁ ቶሎ ይሞታል ላልከው፦ እንዲሞት ነው የተሠራው። ይህ ጊታር ያደገው ከጨፋሪ እግርና ከዘፋኝ ጉሮሮ ጋር ነው። አንዱ ምት ቶሎ ካልጠፋ ለሚቀጥለው ቦታ አይኖርም። ብቻውን መድረክ ላይ መቀመጥ የለመደው በኋላ ነው፤ በጊታር መቺዎቹ በራሞን ሞንቶያ (1879–1949)፣ ከዚያ በሳቢካስ (1912–1990)፣ ከዚያም መላው ዓለም በሚያውቀው በፓኮ ዴ ሉሲያ (1947–2014)። ስለዚህ ስታዳምጥ ከዘፋኝ ጋር የሆነውን አዳምጥ። ብቻቸውን የሚጫወቱትን ብቻ ካየህ ፍጥነታቸው ያደነግጥህና ጊታሩን አልጋ ሥር ትከተዋለህ።

ይልቅ አሁን ጊታሩን አንሳና አንድ ነገር ሞክር። እነዚህን አምስት ድምፆች ምታ፦ ኢ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ። ከኢ ጀምረህ ኢ ላይ እየተመለስክ ደጋግመው። ምን ሰማህ? አምባሰል ነው! አሁን ጂና ዲን ጨምርበት። ሰባት ሆኑ፤ ፍላሜንኮ የሚንቀሳቀስበት ሠፈር ይኸው ነው። የታሪክ ዝምድና እየፈጠርኩልህ አይደለም፣ እንዲህ ዓይነት ወሬ አልወድም። የምልህ፣ የፈረንጅ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚታገልበትን ድምፅ አንተ ሠርግ ቤት ስትመታው ነው የኖርከው። ያቺ ከኢ ወደ ኤፍ ግማሽ እርምጃ የምትወጣው፣ ተመልሳም የምትወርደው፣ ጆሮህ ውስጥ አለች።

በኮርድ ደግሞ ኤ ማይነር፣ ጂ፣ ኤፍ፣ ኢ ብለህ ውረድ። እነዚህን ታውቃቸዋለህ። የሚከብደው አንድ ነገር ነው፦ ቤቱ የቱ ነው? በለመድነው ዘፈን ከኢ በኋላ ጆሮ ወደ ኤ ማይነር ይሄድና ያርፋል። በፍላሜንኮ ማረፊያው ኢው ራሱ ነው። እዚያ ቁም፣ አትሂድ። ጣትህ ወደ ኤ ማይነር ሊሮጥ ሲል ያዘው። ይህ ከገባህ ግማሽ መንገድ ሄደሃል።

ሌላው ግማሽ ምቱ ነው። ኮምፓስ ይሉታል። ከጣትህ በፊት እሱን ተማር። እኔ ሰዎች ሲሳሳቱ የማየው እዚህ ነው፤ ስድስት ወር ሙሉ የጣት ፍጥነት ሲያሯሩጡ ይከርሙና ከአንድ አጨብጫቢ ጋር ሲቀመጡ ይጠፋቸዋል። መጀመሪያ ታንጎስን ያዝ። አራት ምት ነው፣ አያስቸግርህም። ከአርጀንቲናው ታንጎ ጋር አታምታታው። ከዚያ ሶሌያ ትመጣለች። ሶሌያ 12 ምት አላት፣ የሚጠነክሩት 3፣ 6፣ 8፣ 10 እና 12 ናቸው። ወረቀት ላይ ሲታይ ያስፈራል። ቆጠራውን ከ12 ብትጀምረው ግን እንዲህ ይሆናል፦ ሦስት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት። አለቀ። ጭክጭካ የሚመታ ሰው በሦስትና በሁለት መሐል መመላለስ አይጨንቀውም። ጊታር ሳትነካ በጭብጨባ ጀምር። ባጃጅ ውስጥ ጉልበትህ ላይ ምታው። ባንክ ቤት ግን ተው፣ ተራ የሚጠብቅ ሰው ይቆጣል።

ስለ ባንክ ካነሳሁ፣ ጥፍር ማሳደግ አለብህ። የቀኝ እጅህን ብቻ፣ ከጣትህ ጫፍ ጥቂት ብቅ እስኪል። ብር ስትቆጥር ይሰበርብሃል። ስለዚህ በግራህ መቁጠር ልመድ ወይም የመቁጠሪያ ማሽኑን ከጎንህ አታርቀው። አለቃህ ከጠየቀህ እውነቱን ንገረው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ጥፍር ባይኖርህም ግድ የለም፣ አውራ ጣትህና ኮምፓሱ ይበቁሃል።

አሁን የባንዱን ልጆች ልካሳቸው። አንድ ነገር ላይ እውነት አላቸው። ይህ የሠርግ ጊታር አይደለም። ትልቅ ድንኳን ውስጥ ከድራምና ከቤዝ ጋር ድምፁ አይሰማም። ፒካፕ ብትገጥምለትም ስሱ ፊቱ የስፒከሩን ድምፅ መልሶ እየያዘ ይጮኽብሃል። ስለዚህ ለሠርግ በተውሶው ቀጥል። ገንዘብ ሲኖርህ ያገለገለ የሚሰካ ጊታር ግዛ፣ ለዚያ ሥራ ብዙ ጥሩ መሆን አያስፈልገውም። ይህንን ለሰው ማሰማት ከፈለግህ ማይክ ፊት ለፊቱ አቁም። ጎኑን መብሳት የሚባለውን ግን እርሳው። ነገ ፍላሜንኮ ባትወድ እንኳ ያልተበሳ፣ ላስቲኩ ያልተነሳ ጊታር ገዢ ያገኛል። የተበሳውን የሚያውቅ ሰው አይገዛህም።

የምትቀያየረውን ልጅም በትህትና እንቢ በለው። ቢያንስ እስከ ሚቀጥለው ፋሲካ ድረስ። እስከዚያ ታንጎስንና ሶሌያን ሞክረህ ልብህ ካልገባ፣ ያኔ ሽጠው፣ ኃጢአት የለውም። ዛሬ ግን የምትሸጠው ገና ያልተጫወትክበትን ጊታር ነው።

ለአዳማ ልጅ ስለ ነፋስ አልነግረውም። ተራራው ላይ የሚሽከረከረውን ተርባይን በየቀኑ ታየዋለህ። ስለ ጊታርና ስለ ነፋስ ግን ልንገርህ። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ያለው ያ ደረቅ ነፋስ ከእንጨቱ ውስጥ እርጥበት ይጠጣል። ስስ እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል፤ የሚኮማተርበት ቦታ ሲያጣ ይሰነጠቃል። ጊታር የሚስማማው የአየር እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ አካባቢ ነው። ማድሪድም ደረቅ ከተማ ስለሆነ ያንተኛው ትንሽ የለመደ ይሆናል፤ በዚህ ግን አትተማመን።

የምታደርገው ቀላል ነው። ግድግዳ ላይ አትስቀለው፣ ሲያምርም ቢሆን። ተጫውተህ ስትጨርስ ሳጥኑ ውስጥ ክተተውና ዝጋው። የፕላስቲክ ሳሙና መያዣ በመርፌ በሳስተህ፣ ውስጡ የረጠበና በደንብ የተጨመቀ ስፖንጅ አድርገህ ሳጥኑ ውስጥ ከአንገቱ አጠገብ አስቀምጥ። ውሃ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ትገድለዋለህ፣ ተጠንቀቅ። በየጥቂት ቀኑ አርጥበው። ክረምት ሲገባ አውጣው። እርጥበት የሚለካ ትንሽ መሣሪያ ካገኘህ ግዛ፣ ውድ አይደለም። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ለአሥር ደቂቃም አትተወው፤ በአዳማ ሙቀት ኮላው ይለሰልሳል። ቆርቆሮው ሥር ቁም ሳጥን አናት ላይም እንዲሁ። የፍሬቶቹ ጫፍ እጅህን መቧጨር ከጀመረ አንገቱ እየደረቀ ነው ማለት ነው፣ ስንጥቅ ከመምጣቱ በፊት የሚነግርህ እሱ ነው። ስንጥቅ ካየህ ሱፐር ግሉ እንዳታፈስበት። ክሩን ላላ አድርገህ፣ ሳጥኑ ውስጥ ስፖንጁን ጨምረህ፣ እንጨት የሚያውቅ ሰው ፈልግ።

እናትህ ስለ ፍሪጁ ያሉት ልክ ነው፣ አትከራከራቸው። የአክስትህን ዕዳ በየወሩ ሲከፈል ካዩ ነገሩ ይበርዳል። እሁድ ቡና ሲፈላ አጠገባቸው ቁጭ ብለህ አምባሰሏን ብትመታላቸው ደግሞ የበለጠ ይበርዳል።

ለአክስትህ ግን ዛሬ ማታ ደውልላት። «ምርጥ ነው» ማለቱን ተውና ግራ እንደገባህ፣ አሁን እየገባህ እንደሆነ ንገራት። ከዚያ ጥያቄ ጠይቃት። ከየትኛው ቤት ገዛችው? ደረሰኙ አለ? ፊቱ የተሠራበት እንጨት ስፕሩስ ነው ሲዳር? ጀርባውስ? ሰዎቹ ዋስትና ሰጥተዋታል ወይ? እዚያው ከተማ ስላለች ተመልሳ መጠየቅ አይከብዳትም። ሠሪዎችም እንዲህ ያለ ጥያቄ ደስ ይላቸዋል። ቀጥሎ ወደዚህ የሚመጣ ሰው ስታገኝ የናይለን ክር ትላክልህ፣ ሁለት ሦስት ፓኬት፣ ለፍላሜንኮ የሚሆን፣ ጠንከር ያለ ውጥረት ያለው። ሦስቱ ወፍራም ክሮች ቀድመው ስለሚሞቱ የወፍራሞቹን ለብቻ የሚሸጥ ካገኘች እሱንም ትጨምርልህ።

ሲደርሱህ ስድስቱንም በአንዴ አትፍታ። አንዱን ፈትተህ አንዱን እሰር። አዲስ የናይለን ክር ለጥቂት ቀናት ቅኝቱን እየለቀቀ ያናድድሃል። አንድ ኮርድ ሳትጨርስ እንደገና ትቃኛለህ። ያኔ ደግሞ «ጋሼ፣ ጊታሩ ቅኝት አይይዝም» ብለህ እንዳትጽፍልኝ፣ ከአሁኑ ነግሬሃለሁ።